የእማማ አግላያ ጧፍ

ከተማችን ውስጥ ዶክተር ሚሩናን ከሚወዳት የሚጠላት ይበዛል። እጇ ወርቅ ነው፤ እሱን ማንም አይክድም። አፏን ግን ማን ይቻለው! የበሽተኛ ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ጠብቆ «ዶክተር፣ ይድናል አይደል?» ሲላት፣ የማይድን ከሆነ «አይድንም» ትላለች። እንደ ሌሎቹ «እሱ ያውቃል» ብላ ወደ ላይ አትጠቁምም፤ «እንሞክራለን» ብላም አትሸሽም። አምና እናቱ የሞተችበት አንድ ጎረምሳ የመኪናዋን መስታወት በድንጋይ ከስክሶባታል። ፖሊስ ቢለምናት «አልከስም» አለች። ሰዉ እንግዲህ «አንጀት የላትም» ይላል። ወይ አንጀት! አንጀት ባይኖራትማ ይሄኔ እንደ ሁላችንም ሳቅ ሳቅ እያለች ትኖር ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው በኮሮናው ጊዜ ነው። ሚሩና ያኔ ያሽ በሚባለው ትልቅ ከተማ የሕክምና ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ላይ ነበረች። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋና ትምህርቱ በኮምፒውተር ሆነ፤ እሷም ሻንጣዋን ጠቅልላ እናቷ ቤት ገባች። እናቷ ሳፍታ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ምላሷም እንደ ምድጃዋ የጋለ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስትመጣ ልጅቷን በፒጃማ ሳሎን ተጋድማ አገኘቻትና ደሟ ፈላ።

«ለሰፈሩ ሁሉ ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው ብዬ ለፍፌ፣ አንቺ እዚህ ሶፋ ላይ ሆነሽ ስለ ኩላሊት ትሰሚያለሽ?»

«ትምህርት ነው እኮ እማዬ።»

«ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ?»

በማግስቱ ሚሩና ሆስፒታሉ በጎ ፈቃደኞች ይፈልጋል ሲባል ሰምታ ሄደች። እናቷ ስለተቆጣቻት ብቻ አይደለም። በመጽሐፍ ያጠናችውን ሳንባ አንዴ እንኳ በጆሮዋ ልታዳምጠው ጓጉታ ነበር። ስቴቶስኮፗን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የኮሮናው ዋርድ በር ላይ ቆመች።

የዋርዱ አለቃ ሲስተር ዛምፊራ ነበረች፤ ፀጉሯን እዚያው ሆስፒታል ያሸበተች፣ ወንዶቹ ሐኪሞች ሳይቀሩ ድምፅዋን ሲሰሙ ቀጥ የሚሉላት። ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«እሱን አንገትሽ ላይ ያንጠለጠልሽው ለፎቶ ነው?»

«አይ ሲስተር፣ ምናልባት ካስፈለገ ብዬ...»

«እዚህ የሚያስፈልገው ማንኪያ ነው። አውልቂውና ሾርባ አብዪ።»

እንዲህ ሆነ እንግዲህ የሐኪምነቷ መጀመሪያ። ሾርባ ማብላት፤ በሽተኛ በሆዱ ማስተኛት፤ ሽንት ቤት መውሰድ፤ እየሞተ ያለ ሰው ቤተሰቡን እንዲያገኝ ስልኩን ቻርጅ ማድረግ። ነጩ ቱታ ውስጥ ላቧ ቁልቁል ይወርዳል፤ መነጽሯ በጉም ይሸፈናል፤ ውሃ አይጠጣ፣ ፊት አይታከክ። ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚለብስ ስማቸውን በማርከር ጀርባቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ኦክስጅን ሲሊንደር የሚገፋው ጋሽ ኮስታኬ የሚሩናን ጀርባ ይዞ «ዶክተሯ» ብሎ ጻፈባትና እስከ ማታ ሰው ሁሉ ሳቀባት።

«ዶክተሯ፣ ዛሬ ስንት አዳንሽ?» ይላታል ሲሊንደሩን እያንኳኳ።

«አንድም።»

«እኔም እንዳንቺው። እኔ ግን ቢያንስ ጡንቻ አውጥቻለሁ።»

በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ እማማ አግላያ ተኝተዋል። ከወንዝ ማዶ ካለችው ከፖያና መንደር ነው የመጡት፤ ላማቸውን ለጎረቤት ሰጥተው፣ በራቸውን ቆልፈው፣ በአምቡላንስ። አፍንጫቸው ላይ ያ የሚያፏጨው የኦክስጅን ማስክ ተጭኖም ቢሆን አፋቸው አያርፍም።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የዳቦ ቤቷ የሳፍታ።»

«የሳፍታ! እናትሽ ዳቦውን ታሳርረዋለች በያት።»

«እሺ እማማ፣ እነግራታለሁ።»

«ተይ፣ አትንገሪያት። ሴትዮዋስ ጥሩ ናት። ዳቦው ነው የማይረባ።»

ሚሩና ወደደቻቸው። ሾርባውን ለእሳቸው የምታበላው መጨረሻ ላይ ነው፤ ረጋ ብላ ልትቀመጥ። እማማም ሾርባውን ጠጥተው ሲጨርሱ ወሬያቸውን ያመጣሉ። አንድ ቀን ትራሳቸው ሥር እጃቸውን ሰደዱና በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የሰም ጧፍ ነበር፤ ቢጫ፣ ማር ማር የሚሸት፣ በገዛ እጃቸው የነከሩት።

እኛ ዘንድ ሰው ነፍሱ ስትወጣ እጁ ላይ የበራ ጧፍ ይያዝለታል። አሮጊቶቻችን የመገነዣ ልብሳቸውንና ጧፋቸውን ገና በደህና ቀን አዘጋጅተው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ። ያለ ጧፍ የሄደ ሰው እዚያ ማዶ በጨለማ ሲዳብስ ይኖራል። አገሩ ላይ ጠላቱን «ያለ ጧፍ ሙት!» ብሎ የረገመ ሰው ከዚያ በላይ የሚለው የለውም፤ በዚያ እርግማን ምክንያት ወንድማማች እስከ ዛሬ አይነጋገርም።

«ባለቤቴ ቶአዴር» አሉ እማማ አግላያ፣ «ጫካ ውስጥ ዛፍ ወድቆበት ነው የሞተው። ጧፍ ቀርቶ ክብሪት አልነበረም። በሕልሜ ይመጣል። ግድግዳ ግድግዳውን እየዳበሰ፣ 'አግላያ፣ ክብሪቱን የት አስቀመጥሽው?' ይለኛል።»

«እና ምን ይሉታል?»

«ምን እላለሁ፣ አለቅሳለሁ። በያመቱ ጸሎተ ሐሙስ መቃብሩ ላይ ጧፍ ይዤ፣ 'ቶአዴር፣ ይህ ብርሃን ካግላያ ነው፣ ይድረስህ' እለዋለሁ። ያኔ ለጊዜው ያርፍልኛል። የራሱ ሰው ካልሆነ ግን አይደርሰውም። የባዳ ብርሃን መንገዱን አያውቀውም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ቪዮሪካ ልጄ ጣልያን ናት። እናንተም ሰው እንዳይገባ ከልክላችኋል። የኔን ማን ይይዝልኛል?»

ሚሩና የሚያፏጨውን ማስክ አየች። «እማማ፣ ኦክስጅን ባለበት እሳት አይነካም። ክፍሉ በሞላ ይነዳል።»

«እሱንማ ኮስታኬም ነግሮኛል፤ ጅል አይደለሁም። ሰዓቴ ሲደርስ ይህን አፍንጫዬ ላይ ያለውን አውልቂና ወደዚያ በረንዳ ግፊኝ። አልጋው ጎማ አለው አይደል?»

«ማስኩን ካወለቅሁትማ...»

«ካወለቅሽውማ ምን? ያኔ ምን ይሠራልኛል? እሺ በይኝ ልጄ።»

«እሺ» አለች ሚሩና። እዚያ ክፍል ውስጥ እሺ ማለት ቀላል ነበር። ትራስ ከፍ አድርጊልኝ፣ እሺ። ለልጄ ደውዪልኝ፣ እሺ። ቀኑን ሙሉ እሺ ስትል ነው የምትውለው፤ ይህንንም ከዚያው ጋር ደባልቃ አለችው።

ማታ ማታ በስልኳ ቪዮሪካን ታገናኛቸዋለች፤ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልላ ፊታቸው ላይ ትይዝላቸዋለች። ቪዮሪካ እንደ ግማሹ የአገራችን ሴት የሰው አገር ሽማግሌ ታስታምማለች። ለራሷ እናት ግን በስልክ ነው። ከኋላዋ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያፏጫል።

«ምንድን ነው የሚጮኸው ቤትሽ?» ይላሉ እማማ።

«ሽማግሌዬ ናቸው እማዬ፤ ተኝተው ነው።» ከዚያ ወደ ሚሩና ትዞራለች። «ሚሩናዬ፣ እህቴ፣ ጧፏን አደራ። ሌላ ምንም አልለምንሽም። የቀረውን ሆስፒታሉ ይወቀው። ጧፏን ብቻ።»

«አታስቢ እትዬ ቪዮሪካ። እኔ አለሁ።»

ጧፉን ሲስተር ዛምፊራ አንሶላ ስታስቀይር አገኘችው። ዋርዱን ቀወጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው? ይሄ ክፍል በአንዲት ክብሪት እንደሚሄድ ማን ነው ያልነገራችሁ?»

«የእሳቸው ነው ሲስተር» አለች ሚሩና። «ለ...»

«ለምን እንደሆነ አውቃለሁ! የኔም እናት ሞታለች። እጇን ይዤ፣ ጧፏን አብርቼ፣ በአልጋዋ ላይ። ያ ቤት ነው፣ ይሄ ሆስፒታል ነው።» ጧፉን ወደ ቆሻሻው ልትወረውር አነሳችና ሳታስበው ይሁን አስባው ሚሩና መዳፍ ላይ ጣለችው። «ከዚህ አውጪልኝ። እሳት ይዘሽ ካየሁሽ ግን ይህን በር አትረግጪውም። ለዩኒቨርሲቲሽም እጽፋለሁ፤ ሐኪም መሆንሽን እዚያው ትረሺዋለሽ።»

ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። በማግስቱ ለመቃብር የሚሸጡትን በባትሪ የሚሠራ የፕላስቲክ ሻማ ከገዛ ኪሷ ገዝታ አመጣች። ሚሩና አብርታ ለእማማ አስያዘቻቸው። እማማ አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት።

«ይሄ አይሞቅም።»

«ያበራል እኮ እማማ።»

«የመኪናም ፍሬቻ ያበራል። ውሰጂው ልጄ፤ ቶአዴር ይህን ይዤ ሲያየኝ ይስቅብኛል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያንን የኔን ግን ይዘሽዋል?»

ሚሩና ቱታዋ ሥር ያለውን ኪሷን መታ መታ አደረገችው። ላይተር አብሮት ነበር፤ ከጋሽ ኮስታኬ ነው የወሰደችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሾርባ እየታደለ ነበር። ሲስተር ዛምፊራ ከሐኪሙ ጋር ሌላ ክፍል ልቡ የቆመ ሰው ደረት እየተጫነች ናት። ሚሩና የእማማን ሳህን ይዛ ስትገባ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጣታቸው ላይ ያለው የኦክስጅን መጠን መለኪያ ይጮኻል። ዓይናቸው አልጠፋም፤ አወቋት። ወደ በረንዳው በር አዩ፣ ከዚያ ወደ እሷ አዩ። ጣታቸውን አንሥተው ማስኩን ነካ አደረጉት።

ሰዓቱ ያ ነበር። ሚሩና ሳህኑን አስቀመጠችና የአልጋውን ፍሬን በእግሯ ለቀቀችው። ኦክስጅኑን ልትዘጋ አንድ እጇን የሲሊንደሩ መክፈቻ ላይ አደረገች።

ጋሽ ኮስታኬ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። አልቀለደም። የበረንዳውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «በሩን ልክፈተው?»

እጇ አልዞር አላት። ብታዞረው ሴትዮዋ በደቂቃ ውስጥ እንደሚያልቁ ታውቃለች፤ ባታዞረውም እንደሚያልቁ ታውቃለች። በመጀመሪያው ግን ገዳይዋ እሷ ናት። ሐኪም ልትሆን መጥታ፣ ገና አንድ ሰው ሳታድን፣ የአንዲት አሮጊት ትንፋሽ በገዛ እጇ ልትዘጋ! ሲስተር ዛምፊራም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ እናቷም ባንድ ላይ ራሷ ውስጥ ጮኹባት።

«ሚሩና፣ ልክፈተው ወይ?»

«ቆይ ጋሽ ኮስታኬ፣ ትንሽ ቆይ።» መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ከፍ አለ። «አየህ? ጨመረ! እየተሻላቸው ነው መሰለኝ!»

«አልተሻላቸውም ልጄ።»

«ጨመረ እኮ!»

ቁጥሩ እንደገና ወረደ፤ ከዚያ መለኪያው ማንበቡን ተወ። እማማ አግላያ እስከ መጨረሻው በረንዳውን እያዩ ነበር። ቀኝ እጃቸው አንሶላው ላይ ተዘርግቶ፣ ጣቶቹ ነገር ለመያዝ እንደተዘጋጁ ጎበጥ ብለው ቀሩ። ሚሩና እጇ አሁንም ሲሊንደሩ ላይ ነው። ጧፉ ኪሷ ውስጥ ነው። ጋሽ ኮስታኬ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰና ለሌሎቹ በሽተኞች ሾርባውን ማደል ጀመረ፤ ሥራው ባይሆንም።

ለቪዮሪካ እሷው ደወለች። ቃል ሳይወጣት ቪዮሪካ ገባት፤ ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች። ትንሽ ቆይታ ግን በቀጭን ድምፅ ጠየቀች።

«በራላት?»

ሚሩና እዚያች ላይ እውነቱን ብትናገር ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር። አንጀቷ አልቻለም።

«በራላቸው» አለች።

«በእጇ ይዛው?»

«በእጃቸው። በረንዳው ላይ አውጥተናቸው። በረዶ ይጥል ነበር፤ እኔ እጃቸውን ደግፌ ይዤ ነበር።» አንዴ ከጀመረች ውሸቱ ራሱ እየተጎተተ መጣላት። «ፈገግ ብለው ነበር።»

«እጅሽ ይባረክ! እናትሽን ያኑርልሽ! ከእንግዲህማ ምን አለብኝ፣ እማዬ በብርሃን ሄዳለች!»

እማማ አግላያን በላስቲክ አሽገው ቀበሯቸው፤ ሳጥኑ አልተከፈተም፣ ማንም አላጠባቸውም። ሚሩና እስከ ወሩ መጨረሻ ሾርባ አበላች። ከዚያ በኋላ ፈተና ደርሶ ዋርዱን ለቀቀች። ጧፉን ጣለችው እንዳትሉ፤ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነበር፤ መሐሉ ላይ ተሰብሮ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። የምትችለውን ያህል ረሳችው። ውሸቷንም ቢሆን ደግ ሥራ ነው ብላ ታስበው ጀመር፤ ማንን ጎዳ?

ማንን እንደጎዳ በሕማማት ሳምንት ሮብ ዕለት ገባት። እናቷ ሳፍታ ለጸሎተ ሐሙስ የሚነደውን ጭራሮ እያሰረች ነበር፤ በዚያ ቀን በየግቢውና በየመቃብሩ ለሙታን እሳት ይነዳል።

«ዘንድሮ መቃብሩ በሞላ ጧፍ ሊሆን ነው» አለች ሳፍታ። «ሆስፒታል የሞቱት ሁሉ በጨለማ ነው የሄዱት። ዘመድ ያለው ዘመዱ ያብራለት፣ ሌላ ምን ይደረጋል! ያቺ ያንቺዋ የፖያናዋ ሴትዮ ብቻ ናት የታደለችው። ልጇ ለመንደሩ ሁሉ ደውላ 'ለእማዬ እንዳትለፉ፣ ሚሩና አብርታላታለች' ብላለች አሉ። ኮራሁብሽ እኮ!»

ሚሩና የያዘችውን ጭራሮ አስቀመጠች። አገሩ ሁሉ ለሙታኑ ሲያበራ፣ ለእማማ አግላያ ብቻ ማንም አያበራም፤ ዘንድሮም፣ ለከርሞም፣ እስከ ዘላለሙ። በሩን የዘጋችባቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በእጇ፣ አንዴ በምላሷ። «በዚህ ታምኛለሽ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቋት «አላውቅም» ትላችኋለች። እሳቸው ግን ያምኑ ነበር። አደራውም የእሳቸው ነው።

ጓዳ ገብታ ደወለች። ቪዮሪካ «የኔ እናት!» ብላ አነሣች። ሚሩና እንዳትሸሽ ዓይኗን ጨፍና አንድ በአንድ ነገረቻት። ፍሬኑን፣ ሲሊንደሩን፣ «ትንሽ ቆይ» ያለችውን፣ ኪሷ ውስጥ የቀረውን ጧፍ። ስትጨርስ ከወዲያ በኩል ያ ፉጨት ብቻ ይሰማል።

«አውቃለሁ» አለች ቪዮሪካ።

«ምን?»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ሽማግሌዬ እኮ በኦክስጅን ነው የሚኖሩት፤ እዚህ ቤት ሲጋራ እንኳ አላስለኩስም። በረንዳ ወጡ፣ በረዶ ዘነበ፣ ፈገግ አሉ... ሳንባዋ ያለቀ ሰው ፈገግ አይልም። የነገርሽኝ ዕለት ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ለመንደሩ...?»

«ስለፈለግሁ ነዋ! ሌላ ምን ነበረኝ? አልቀበርኳት፣ አላጠብኳት። ያቺን አንዲት ውሸትሽን ይዤ ነው የማድረው። ሰው ሁሉ ካመነ እኔም አምናለሁ ብዬ ነው። አሁን ምን ላድርግ? በይ ንገሪኝ፣ ሐኪሟ!»

«ነገ ጸሎተ ሐሙስ ነው። እኔ ሄጄ አበራላቸዋለሁ።»

«አንቺ ምኗ ነሽ?»

ሚሩና ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«የባዳ አይደርሳትም» አለች ቪዮሪካ። አፍንጫዋን ጠረገች። «ስልክሽን ይዘሽ ሂጂ። ቃሉን እኔ እላለሁ፣ አንቺ ትይዢዋለሽ። መሬት ላይ እንዳትተክዪው፤ በእጅ ነበር መያዝ የነበረበት። አንዴ ከተለኮሰ ደግሞ እፍ እንዳትዪው፤ እፍ ያልሽባት ነፍስ ናት።»

በማግስቱ ጠዋት የፖያና መቃብር በጭስ ታፍኗል። ሴቶቹ በየመቃብሩ ጭራሮ አንድደው፣ ንፍሮና ዳቦ አስቀምጠው፣ የሞተ የሞተውን ስም ይጠራሉ። የእማማ አግላያ መቃብር ላይ ማንም የለም፤ አፈሩ ገና አልሰጠመም። ሚሩና ስትደርስ አንዲት ጥቁር ነጠላ የተከናነበች ሴት አወቀቻት።

«እሷ ናት! ያቺ ጧፍ ያበራችላት!» ብላ ለሌሎቹ ጮኸች። «ምን ይዘሽ መጣሽ የኔ ልጅ? ለአግላያ እኮ አያስፈልጋትም፣ በብርሃን ነው የሄደችው።»

«ያስፈልጋቸዋል» አለች ሚሩና። «አላበራሁላቸውም። ዋሽቼ ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ አማተበች። ባለ ነጠላዋ «አንቺ ሴት» አለች ቀስ ብላ፣ «ለሬሳ ይዋሻል?» ከዚያ በኋላ ማንም አልቀረባትም።

ቪዮሪካ ስልኩ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። «ለኩሺው» አለች ብቻ። ሚሩና ያንን ግማሽ ጧፍ በላይተሩ ለኩሳ፣ በቀኝ እጇ ጧፉን፣ በግራ እጇ ስልኩን ያዘች። ነፋስ እንዳይወስድባት ጀርባዋን ሰጠችው። ቪዮሪካ «በስመ አብ» ብላ ጀመረች። «እማዬ፣ ይህ ብርሃን...»

ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ወደቀ። የሽማግሌው ሳል ተሰማ፤ ከዚያ ሳልም ያልሆነ ማነቅ።

«ጌታዬ! መጣሁ፣ መጣሁ! ሚሩና ቆዪኝ!»

ስልኩ የሆነ ቦታ ተወረወረ። መስታወቱ ላይ የማታውቀው ቤት ኮርኒስ ብቻ ይታያል። ቪዮሪካ በዚያ አገር ቋንቋ ስታባብል፣ ስትለምን፣ ሲሊንደር ስታንኳኳ ይሰማል። ጧፉ ይነዳል። ግማሽ ጧፍ ምን ያህል ይነዳል? ቃሉን እኔ ልበለው ብላ አሰበች። ማንም አይሰማም። ለቪዮሪካም «ራስሽ ብለሽዋል» ልትላት ትችላለች፤ በድንጋጤ አታስታውስም። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ሰሙ ጣቷ ላይ መውረድ ጀመረ። ወደ ታች፣ ወደ ታች ያዘችው። የሚያዝ ነገር ሲያልቅ እሳቱ ራሱ አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ መሐል ገባ። እጇ ሊለቅ ፈለገ። የዚያን ቀን ዙሪ ቢሏት ያልዞረችው እጅ ናት፤ አሁን ደግሞ ልልቀቅ ትላለች። አለቀቀችም። ጥርሷን ነክሳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ የገዛ ሥጋዋን ሽታ እየሸተተች ያዘችው። ባለ ነጠላዋ ሴት «ኧረ ልጅቷ ተቃጠለች!» ስትል ሰማቻት።

«ሚሩና! አለሽ?» ቪዮሪካ እያለከለከች መጣች። «አለ? አልጠፋም?»

«አለ! ቶሎ በይ!»

«እማዬ አግላያ፣ ይህ ብርሃን ከልጅሽ ከቪዮሪካ ነው፣ ይድረስሽ፣ መንገድሽን ይክፈትልሽ!»

ክሩ ጣቷ መሐል ጭስ ብሎ ጠፋ።

«በራላት?» አለች ቪዮሪካ።

«በራላቸው።»

«እየዋሸሽኝ እንዳይሆን።»

ሚሩና ስልኩን አዙራ ጣቶቿን አሳየቻት። ቪዮሪካ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከኋላዋ ያ ፉጨት ቀጥሏል።

«ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሪው» አለች በመጨረሻ። «እንዳያመረቅዝብሽ ተጠንቀቂ።» ከዚያ ድምፅዋ ደረቀ። «ከእንግዲህ ደግሞ አትደውዪልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሚሩና መቃብሩ ላይ ትንሽ ቆመችና ጣቷን አፍዋ ውስጥ ከታ በጭሱ መሐል ወደ ወንዙ ወረደች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ንፍሮ ግን ማንም አልዘገነላትም።

አሁን እዚያው ሆስፒታል ሐኪም ናት። ስቴቶስኮፑን አንገቷ ላይ አታንጠለጥልም፤ ኪሷ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። የበሽተኛ የልብ ምት ስትፈትሽ በግራ እጇ ነው። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ጫፋቸው ደንድኗል፤ የሰው ደም ሥር ሲመታ አይሰማቸውም።